የ«በልቻለሁ» ጦስ

ሽመክት በዚያ ማክሰኞ አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ስድስት ጊዜ ምሳ በላ። ተረት አይደለም፤ የገበታና የገላ ጽሕፈት ቤት አምኖበታል። ጽሕፈት ቤቱ ካመነ ደግሞ ሆድ ምን አግብቶት ይከራከራል።

የሽመክት ሥራ ድንኳን መትከል ነው። ደብረ ብርሃን በዚያ ዘመን ባቡር በጣራዋ ላይ የሚሄድባት፣ ምሳ በሽቦ ተንጠልጥሎ በየመስኮቱ የሚደርስባት ከተማ ነበረች። ሰው ግን መሞቱን አልተወም፤ ሰው መሞቱን ካልተወ እድርም አይተወውም። አንድ ሰሞን በራሱ ተነፍቶ የሚቆም ድንኳን መጥቶ ነበር። ሲነፋ እንደ ሽማግሌ «እህህ» ስለሚል አንዲት ሐዘንተኛ ባሏ የነቃ መስሏት ራሷን ሳተች። የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሰው በማግሥቱ ያንን ጉድ አሽቀንጥረው ጥለው እድሩን ወደ ቋሚና ካስማ መለሱት። ሽመክትም ሥራው ተመለሰለት።

ችፌው ግን አብሮት ያደገ ነው። ከክርኑ መታጠፊያ፣ ከአንገቱ ሥር፣ ከጣቶቹ መሐል ይነሣና፣ የከተማዋ ደረቅ ብርድ ሲጨመርበት ቆዳው እየተሰነጣጠቀ ይደማል። ያልሞከረው የለም። ቅባቱ ሸሚዙን አበላሸ፣ መርፌው ቁጭ ባለበት አስተኛው፣ ጠበሉ ጉንፋን ሰጠው። በመጨረሻ «የቆዳ በሩ ሆድ ነው» የሚል መፈክር በየግድግዳው የለጠፈው ጽሕፈት ቤት ተረከበው። መጀመሪያ እንቁላል ወሰዱበት። ቀጥሎ ወተትና ቅቤ፣ ቀጥሎ ለውዝ፣ ከዚያ ስንዴና ገብስ፣ ከዚያ ቲማቲም። ሽሮ የወሰዱበት ቀን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ተወስዶ ሲያልቅ የተረፈው ጤፍ፣ ዱባ፣ ጎመንና ለዓመት በዓል የበግ ቅልጥም ሆነ። ይኸው በሳጥን ተመጥኖ በየቀኑ በሽቦው ይመጣለታል።

መነገር ያለበት ይነገርና፣ ሠርቷል። ሽመክት ጽሕፈት ቤቱን ቀንም ማታም ይረግመዋል፤ ግን ቆዳው ጠርቷል። በሃምሳ ዓመቱ እጅጌውን ሰብስቦ ገበያ መውጣት ጀመረ። ክንድ ያለው ሰው እሱ ብቻ ይመስል ለማንም ያሳይ ነበር።

ይህን ሁሉ የምትቆጣጠረው ከጆሮው ጀርባ የተለጠፈችው ናት። ስሟ ረጅም ነው፤ ሕዝቡ ግን ሞግዚት ይላታል፤ ሥራዋ «ምን በላህ?» ማለት ነውና። ድሮ ማላመጥ ታዳምጥ ነበር። ማስቲካ የሚያኝክ ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲበላ ዋለ እየተባለ ሲከሰስ፣ ጽሕፈት ቤቱ ማላመጡን ትቶ የሰውን ቃል ማመን ጀመረ። የሰውን ቃል ማመን ደግ ነገር ነው። ሞግዚት ግን የተማረችው ባሕር ማዶ ነው፤ እዚያ «በልቻለሁ» ያለ ሰው በልቷል። እዚህ ምን እንደሆነ የነገራት የለም።

ሽመክት ደግሞ በቀን የሚገባበት ለቅሶ ቤት ብዙ ነው። ድንኳን ተካይ ገብቶ ሳይበላ አይወጣም፤ የሚቀርበውም ዳቦ፣ ንፍሮ፣ ሽሮ፣ የተከለከለው ሁሉ ነው። «ታምሜ ነው» እንዳይል፣ አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው። አንድ ጊዜ ቢል አንዷ ጋዝ ተቀባ አለችው፣ ሌላዋ የአህያ ወተት፣ አንድ መምህር ደግሞ የሚስትህን ጠባይ መርምር አሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ብቻ ይዞ ይዞራል።

በዚያ ማክሰኞ ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ እትዬ አስካለ ናት። ሽመክት የመጨረሻውን ካስማ መትቶ ሳይጨርስ ሳህን ይዛ መጣች።

«እንካ ቅመስ።»

«እግዜር ያጽናሽ እትዬ። አሁን በልቼ ነው የመጣሁት።»

«የት ነው የበላኸው? ከመጣህ ጀምሮ መዶሻህን ስሰማ ነው የቆየሁት።»

«በልቻለሁ ስልሽ።»

«አፈር ስሆን። በሞቴ አንዲት ብቻ።»

እዚህ ላይ ድሮ ቢሆን አምቡላንስ ይመጣ ነበር። ሞግዚት አገር የገባች ሰሞን «በሞቴ» ያለችውን ሴት ሁሉ ራሷን ልታጠፋ ነው እያለች ሐኪም ትልክባት ነበር። በአንድ የክርስትና ግብዣ ላይ አሥራ አንድ አክስቶች ተጭነው ከሄዱ በኋላ ነው ጽሕፈት ቤቱ በምግብ ዙሪያ የሚጠራ ሞት ሞት አይደለም ብሎ የወሰነው። ስለ «በልቻለሁ» ግን ያሰበ አልነበረም።

ሽመክት ሳህኑን በሁለት እጁ ገፋ አድርጎ፣ «ጠገብኩ እኮ እትዬ፣ እዚህ ድረስ» ብሎ ጉሮሮውን አሳየ። ያኔ ሞግዚት በጆሮው ተናገረች።

«አቶ ሽመክት፣ ስድስተኛ ምሳዎ ተይዟል። ሆድዎ ከደንቡ ወጥቷል። ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ይቅረቡ። ጉዳዩ ዝግ ገበታ ነው።»

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። እትዬ አስካለ ለሟቹ ያዘነ መስሏት መልሳ አለቀሰች።

ዝግ ገበታ ምን እንደሆነ ማንም ያውቃል። አምስት ቤት አልፎ የሚኖር አንድ አናጢ አለ። በከረጢት የሚመጣለትን ነጭ አጥሚት ለብቻው፣ በር ተዘግቶበት ይጠጣል። ሲበላ ሰው አጠገቡ መቀመጥ አይችልም፤ ከሰው እጅ መጉረስ ቀርቶ የሰው ትሪ ማየት ክልክል ነው። ሚስቱ በወዲያ ክፍል ትበላለች። ዓመት ሳይሞላ ሁለቱ እንደ ተከራይ «እንደምን አደሩ» መባባል ጀመሩ። ሆድና ጀርባ ሆኑ፤ ሳይጣሉ።

ሽመክት ያንን ነው የፈራው። አጥሚቱንስ ይጠጣው ነበር፤ ከጎመን አይብስም። ግን ከዘርፌ ጋር ከተጋቡ ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነው የበሉት። በኩርፊያ ቀን እንኳ ፊታቸውን አዙረው ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ሳጥኑ መምጣት ሲጀምር ዘርፌ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት አስፈቅዳ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች፤ «ተጋሪ» ሆና ማለች። ተጋሪ ማለት ከበሽተኛው ጋር ለመብላት ሲል ለበሽተኛው የተከለከለውን የትም የማይነካ ሰው ነው፤ ለእሷም ሞግዚት ተለጠፈላት። የእሷ ሳጥን ስፌት ቤቱ ድረስ እንደሚላክላት ነግራዋለች። ማታ ማታ ግን ከእሱ ትሪ ዳር ቁጭ ብላ ቀመስ ታደርጋለች።

ያን ምሽት ነገሩን ሲነግራት መጀመሪያ ሳቀች።

«ስድስት ምሳ? የት አድርገኸው ነው እንዲህ የከሳኸው?»

«ሳቂ አንቺ። ነገ በር ዘግተውብኝ አጥሚት ሲያጠጡኝ ታዪዋለሽ።»

«አትበላም፣ አልበላህም። ይህንኑ ንገራቸው።»

«ማን ያምነኛል? በገዛ አፌ በልቻለሁ ብያለሁ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች ዘርፌ። ከዚያ ሳቋን ተወች። «ሽሜ፣ ብቻዬን ትሪ ፊት አልቀመጥም። ለምናቸው። ካስፈለገም ተጣላቸው።»

በማግሥቱ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረፋድ አለፈ። ከፊቱ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ ወጡ፤ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ጨው ተከልክላ እያለቀሰች ወጣች። እሱ ሲጠራ ስድስት ሰዓት አልፏል። የገባበት ክፍል ውስጥ ወይዘሪት ሕላዌ የምትባል የሠላሳ ዓመት ግድም ሹም ተቀምጣለች፤ ቆዳዋ ጥርት ያለ፣ አነጋገሯ ፈጠን ያለ። ገና እንደተቀመጠ ምሳዋ በሽቦው መጥቶ መስኮቷ ላይ ጠቅ አለ።

«ይቅርታ ጋሽ ሽመክት፣ ጠዋትም ምንም አልቀመስኩ። እየበላሁ ላነጋግርዎት። ስድስት ምሳ በልተዋል፤ ከዚያ በፊት ባለው ቀን አራት፤ በተስካር ሰሞንማ ለመቁጠርም ያሳፍራል። ሰውነትዎን ሳይ አያስታውቅም፤ ግን ቃልዎ ነው።» ክዳኑን ከፈተች። ጥሩ የዶሮ ፍርፍር ነው። ማንኪያዋን አንሥታ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣ «እንብላ» አለች።

«እግዜር ያክብርልኝ፣ ይባረክ። አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» አለ ሽመክት።

ጠረጴዛው ተናገረ። «አቶ ሽመክት፣ ምሳ፣ አሁን።»

ማንኪያዋ መንገድ ላይ ቆመ።

«መቼ በሉ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ አግዳሚ ላይ ነው ያሉት። በመስታወቱ አይቼዎታለሁ።»

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ለምን በልቻለሁ አሉ?»

«እርስዎስ ለምን እንብላ አሉ? ሊያበሉኝ ነበር?»

ሕላዌ ምሳዋን አየች። የአንድ ሰው ነው፤ ለአንድ ሰውም አይበቃ።

«እሱማ … ወግ ነው እንጂ።»

«የእኔም ወግ ነው ልጄ።»

«ስድስቱም ምሳ?»

«ስድስቱም ወግ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ‹ምግባችሁን አልፈልግም› ልበል? ማን ያሳደገኝ ይበሉኝ?»

ሹሟ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አለፈ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዲት ጎረቤት አለችኝ። በጋበዝኳት ቁጥር በልቻለሁ ትለኛለች» አለች።

«አልበላችም።»

«ምግቤ አይጣፍጥም ማለት ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም» አለ ሽመክት፤ ዝግ ገበታ እየተጠበቀ ሹም አይሰደብም።

የዚያን ቀን ነገሩ ተነሣለት። በአንድ ትሪ መብላቱን ይቀጥል ተባለ። ሽመክት ከደስታው ብዛት ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። የሚያሳዝነው ሕላዌ ትጉህ ሹም መሆኗ ነው። ትጉህ ሹም ስሕተት ካገኘ አንድ ሰው ላይ አርሞ አይተውም፤ አገር ላይ ያርማል። ሳምንት ሳይሞላ «የትሕትና ማረሚያ» የሚባል ነገር በየሰዉ ጆሮ ገባ። ከእንግዲህ «በልቻለሁ» ማለት አልበላሁም ማለት ነው። ጋባዥም እንዳይታለል ሞግዚት ጮክ ብላ ትናገራለች።

ጉድ ፈላ። የእትዬ አስካለ ቤት ድንኳኑ ገና አልተነሣም ነበርና ሽመክት ቋሚ ሊያጠብቅ በሄደበት የመጀመሪያውን ቀን እዚያው ተመለከተው። አቶ ደምሰው፣ ዳኛው፣ ሁልጊዜ «ቁርስ አብዝቼ ነው» ብለው እጃቸውን የሚሰበስቡት ጨዋ ሰው፣ ገና ቃሉ ካፋቸው ሳይወጣ ከጆሯቸው ጀርባ «አቶ ደምሰው አልበሉም» የሚል ድምፅ ድንኳኑን ሞላው። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት፣ ቀጥሎ ሁለት የቤተ ክህነት ሰዎች። ድንኳኑ ሙሉ የተራበ ሰው ነበር። ልጅ ለማጨት በሄዱ ሽማግሌዎች ላይ የደረሰውማ ይቅር፤ ሦስቱም በልተን ነው የመጣነው ቢሉ ሦስት ድምፅ በአንድ ላይ አጋለጣቸው፤ የልጅቷ አባት ውሸታም ዘመድ አልፈልግም ብሎ መለሳቸው ተባለ። ሽመክት ራሱ ሦስት ቦታ ተጋልጦ፣ ችፌውን ተናዝዞ፣ ጋዝ ተቀባ የሚል ምክር በድጋሚ ተቀብሎ ወደ ማታ ቤቱ ገባ። ግን አልከፋውም። ትሪው አለ፣ ዘርፌ አለች።

ትሪው ቀረበ። የዱባ ወጥ፣ ጎመን፣ እንጀራ። ሽመክት የዋለበትን እያወራ፣ አቶ ደምሰው እንዴት እንደቀሉ እየነገራት፣ አፉን ሞልቶ ይስቃል። ዘርፌም ሳቀች። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠቅለል አድርጋ ጎረሰችና ጣቷን ጠረገች።

«ብላ እንጂ ሽሜ፣ ወሬህ ወጡን አቀዘቀዘው። እኔ ስፌት ቤት በልቻለሁ።»

«ወይዘሮ ዘርፌ አልበሉም» አለ ከጆሮዋ ጀርባ የወጣ ጥርት ያለ ድምፅ።

ሽመክት ሳቀ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሰማው የዋለ ነገር ነው። ቀና ሲል ግን ዘርፌ አልሳቀችም።

«ማለቴ፣ ጠግቤያለሁ» አለች።

«ወይዘሮ ዘርፌ አልጠገቡም።»

ዘርፌ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች። ሽመክት የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«ሳጥንሽ ዛሬ አልመጣም?»

ዘርፌ ትሪውን ወደ እሱ ገፋ አደረገች።

«ዘርፌ፣ ሳጥንሽ አልመጣም ወይ?»

«መጥቶ አያውቅም» አለች። «ስምል ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር። ለተጋሪ ሳጥን የለም፣ ተጋሪ ማለት መጋራት ነው አሉኝ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ምን አለበት? አንተ ቋሚ ተሸክመህ ትውላለህ። እኔ የምሸከመው መርፌ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ሳጥኑን ትመልስ ነበራ። ያኔ ጠዋት ጠዋት አንሶላው ደም ነበር፣ ረሳኸው? አጥቤው ነው የማውቀው። አሁን ክንድህን ሳየው ደስ ይለኛል፣ ተወኝ በቃ።»

ሽመክት አፈረ። ያችን ቃል በየለቅሶ ቤቱ ሲቸረችር የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ ሲሸጡለት ሳያውቅ ገዝቷል። ቀሚሷ ሲሰፋት አይቶ «ዱባው ላንቺም ተስማማሽ፣ ልጅነትሽ ተመለሰ» ብሏታል። ለድንኳን ጓደኞቹ ሳይቀር ሚስቴ እኮ ቀጠነች ብሎ ተኩራርቷል። ነጠላውን አነሣና ወጣ።

እትዬ አስካለ በሩን ስትከፍት ከኋላዋ የሽሮና የትኩስ ዳቦ ሽታ መጣ። እንደ ወጓ፣ ገና ፊቱን ሳታይ፣ «ግባ፣ እንብላ» አለችው።

ምላሱ እንደ ልማዷ ተነሣች። «በል…» አለና ቆመ። በሕይወቱ ብሎት የማያውቀው ነገር ነበር፤ እናቱ ቤት እንኳ አላለውም። በሩን ይዞ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«እትዬ፣ አልበላንም። ዘርፌም አልበላችም። ርቧታል።»

ሞግዚት ጭጭ አለች። እትዬ አስካለ በዚህ ሁሉ ዕድሜዋ ሰው በደጇ ቆሞ አልበላሁም ሲላት ሰምታ አታውቅም። ምን ሆናችሁ አላለችም። ወደ ውስጥ ገብታ ትልቁን ትሪ ሽሮ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ያገኘችውን ሁሉ ጭና አመጣችና፣ «ትሪውን ሳትቸኩሉ መልሱት» አለችው።

ዘርፌ መጀመሪያ ተቆጣች። «ምዬ እኮ ነው!» አለች። «ይህን ነክቼ አንተ አጠገብ ልቀመጥ?»

«ችፌ ሰው ገድሎ አያውቅም። ብዪ።»

እንቁላሉን እያጉረመረመች ላጠች። ከዚያ ግን በላች። ደህና አድርጋ በላች፣ ሳታወራ፣ ዳቦውን በሽሮው እያጠቀሰች፣ እየደጋገመች። ሽመክት ከዱባው ትሪ ዳር ተቀምጦ ያያታል። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች።

«ብቻዬን እኮ ነኝ የምበላው።»

«አዎ፣ ብዪ።»

«ብቻዬን አልበላም ብዬሃለሁ» አለችና እንቁላሉን በሽሮ በዳቦ ጠቅልላ እጇን ዘረጋች። «በሞቴ። አንዲት ብቻ።»

አፉን ከፈተ። ሽሮ! ዓይኑ እንባ ሞላ፤ በሽሮው ይሁን በእሷ እሱም አልለየውም። ገና ጉንጩ እንዳበጠ ሞግዚት ድምፅ አሰማች።

«አቶ ሽመክት፣ አጠገብዎ የመጉረስ ወሬ ተሰምቷል። በልተዋል?»

ዘርፌ ደነገጠች። ዝግ ገበታ፣ አጥሚት፣ የተዘጋ በር ሁሉ ዓይኗ ላይ መጣ። ሽመክት ግን የእትዬ አስካለ ደጅ ላይ የሆነውን እያሰበ ነበር። አፉ እንደሞላ መለሰ።

«አልበላሁም።»

ሞግዚት ጥቂት አሰበች። ወይዘሪት ሕላዌ ማረሚያውን ስታወጣ አስባበታለች፤ «በልቻለሁ» የሚል ይዋሻል፣ «አልበላሁም» ያለ ግን ይታመን ብላለች። በዚህ አገር ሳይርበው አልበላሁም የሚል ሰው የለምና።

«እናመሰግናለን» አለች ሞግዚት። «እባክዎ አንድ ነገር ይቅመሱ።»

ሁለቱ ተያዩ። ቀጥሎ የዘርፌዋ ሞግዚት ጠየቀች። ዘርፌ የያዘችውን ዋጥ አድርጋ፣ እንደ ጨዋ ሴት ነጠላዋን አስተካክላ፣ «እኔም አልበላሁም» አለች። ጽሕፈት ቤቱም አመነ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በእነሱ ዘንድ ዘርፌ እህል የማይዞርባት ጻድቅ ናት።

ሳቁ ገና ሳይበርድ ሽመክት አንገቱን ማሻሸት ጀመረ። ከዚያ ክርኑን። ደግሞ ወደ አንገቱ ተመለሰ።

«ጀመረህ?» አለች ዘርፌ።

«ጀመረኝ።»

«ነገ ወደ ዱባህ ትመለሳለህ። ዛሬ ግን ና፣ ዙር። እከክልኝ ልከክልህ ይባል የለ።»

ዞረላት። ዘርፌ በግራ እጇ አንገቱን እያከከችለት በቀኟ መብላቷን ቀጠለች።